የሕመሙ ምልክት ሲቀንስ ኑሮውስ ይሻሻላል? የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የኑሮ ጥራት እንዴት ይገመታል

ጉደር፦ በስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ ሲከሰት የግብርና ባለሙያው አስቀድሞ የሚመለከተው ቅጠሉን ነው። ከቅጠሉ ምን ያህሉ በበሽታው እንደተሸፈነ በመቶኛ ይገምታል፤ ከዚያም ተነሥቶ ማሳው ምን ያህል ምርት ሊያጣ እንደሚችል ያሰላል። አርሶ አደሩ አጥብቆ የሚሻው ሁለተኛውን መልስ ነው። ቅጠሉ ምልክት ነው፤ ወደ ጎተራ የሚገባው ግን እህሉ ነው።

በአእምሮ ሕክምናም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የጤና ባለሙያው የሚመዝነው የሕመሙን ምልክት ነው፤ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ዕለት ከዕለት የሚጋፈጡት ግን ኑሮውን ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱን አቁሞ ይሆናል፤ ሆኖም ወደ እርሻው ተመልሷልን? ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣልን? በዕድሩ ስሙ ይጠራልን? የምልክቱን ክብደት መዝግቦ የኑሮውን ጥራት መገመት ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። መልሱ ለአንድ ቤተሰብም ሆነ ለአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት በጀት ትርጉም ያለው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ከእውነታ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያውክ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፣ ሰው ለሥራና ለትዳር በሚታጭበት ዕድሜ ነው። ባለሙያዎች ምልክቶቹን በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ያስቀምጧቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ በጤነኛ ሰው ላይ የማይታዩ፣ በሕመሙ ምክንያት “የተጨመሩ” ምልክቶች ናቸው፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ “ሊገድሉኝ ያሴራሉ”፣ “ሐሳቤን ይሰርቁኛል” የሚል በማስረጃ የማይነቃነቅ እምነት መያዝ፣ እንዲሁም የተዘበራረቀ ንግግርና ጠባይ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ በጤነኛ ሰው ዘንድ ያለው ነገር “የጎደለባቸው” ናቸው፦ የተነሣሽነት መጥፋት፣ የስሜት መደንዘዝ፣ ንግግር ማነስ፣ ከሰው መራቅ፣ የግል ንጽሕናን መተው።

የመጀመሪያዎቹ መንደር ያውካሉና ቶሎ ይታያሉ። ሁለተኛዎቹ ድምፅ አልባ ናቸው፤ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ይቆጥራቸዋል። የኑሮ ጥራትን በመገመት ረገድ ግን ክብደት ያላቸው እነዚሁ ዝም ያሉት ናቸው።

ቡታጅራ፦ የኢትዮጵያ ዋናው ማስረጃ

በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ስኪዞፍሬኒያ ከሚታወቀው አብዛኛው የተገኘው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከምትገኘው ከቡታጅራና ከአካባቢዋ ነው። እነ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ተሾመ ሽብሬ የተሳተፉበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን ከ1990ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ነዋሪዎችን በየቤታቸው መርምሯል። ከእነዚህ መካከል 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ተረጋግጧል፤ ይህም ከ1,000 ሰው ወደ 4.7 የሚጠጋ ነው። በዚያው መጠን ቢሰላ በዚህ የዕድሜ ክልል 2,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ 9 ያህል ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው ወንዶቹን በአማካይ በ23.8 ዓመታቸው፣ ሴቶቹን በ21 ዓመታቸው ነበር። ከ10ሩ ከ8 በላይ በሚሆኑት ላይ “የጎደሉት” ምልክቶች ታይተዋል። ከዚያ ቀደም ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ደግሞ ከ100 ሕሙማን 10 አይሞሉም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ምርመራውን ካደረጉ በኋላ ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታትለዋል። የምልክት መመዘኛን ብቻ ሳይሆን ኤስኤፍ-36 የተሰኘውን ከጤና ጋር የተያያዘ የኑሮ ጥራት መጠይቅም ተጠቅመዋል። መጠይቁ 36 ጥያቄዎችና ስምንት የኑሮ ዘርፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ዘርፍ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። መጠይቁ በዚያው በቡታጅራ በጤነኛው ነዋሪም ላይ ተሞክሮ ስለነበር የሕሙማኑን ውጤት ከስዊድን ወይም ከአሜሪካ ሰው ሳይሆን ከገዛ ጎረቤታቸው ጋር ማነጻጸር ተችሏል። አርሶ አደርን ከአርሶ አደር ጋር ማመዛዘን ለግምቱ ትክክለኛነት መሠረት ነው።

የምልክት ክብደት እንዴት ይለካል?

በዓለም በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው “ፓንስ” የተባለው ነው። 30 ነጥቦች አሉት፤ 7ቱ ለተጨመሩት ምልክቶች፣ 7ቱ ለጎደሉት፣ የቀሩት 16ቱ እንደ ጭንቀት፣ ድባቴና የትኩረት ማጣት ላሉ አጠቃላይ ምልክቶች የተመደቡ ናቸው። የሠለጠነ ባለሙያ ሕመምተኛውን አነጋግሮ፣ ከቤተሰብም ጠይቆ ለእያንዳንዱ ከ1 (የለም) እስከ 7 (እጅግ የከፋ) ይሰጣል።

ስለዚህ አንዳች ምልክት የሌለበት ሰው የሚያገኘው ዜሮ ሳይሆን 30 ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ 210 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ትንተና ነጥቦቹን ከሐኪሞች አጠቃላይ ግምገማ ጋር አገናኝቷል። በዚህ መሠረት 58 አካባቢ ቀላል፣ 75 አካባቢ መካከለኛ፣ 95 አካባቢ ጎላ ያለ፣ 116 አካባቢ ደግሞ ከባድ ሕመም እንደሆነ ይወሰዳል።

የኑሮ ጥራትስ?

ከጤና ጋር የተያያዘ የኑሮ ጥራት ማለት ሰውየው ጤንነቱ በፈቀደለት መጠን እንዴት እየኖረ እንደሆነ የሚገልጽ ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ አምስት ነገሮችን ብቻ የሚጠይቀው ኢኪው-5ዲ ነው፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራን መሥራት፣ ሕመም ወይም ምቾት ማጣት፣ ጭንቀት ወይም ድባቴ። አዲሱ ቅጂ ለእያንዳንዱ አምስት የክብደት ደረጃዎች ስላሉት 3,125 የተለያዩ የጤና ሁኔታዎችን መግለጽ ይችላል።

እያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ዋጋ ይሰጠዋል። 1 ሙሉ ጤንነትን፣ 0 ሞትን የሚወክል ሲሆን፣ ሰዎች ከሞት የከፋ ነው ብለው የሚፈርዱበት ሁኔታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዋጋውን የሚሰጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የዋጋ ሠንጠረዥ 1,050 ሰዎችን በማነጋገር የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመጨረሻው የከፋ የጤና ሁኔታ ከዜሮ በታች 0.718 ዋጋ አግኝቷል።

ከምልክት ወደ ኑሮ፦ ግምቱ እንዴት ይሠራል?

በብዙ ሆስፒታሎችና የመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ የምልክት ነጥብ ይመዘገባል፤ የኑሮ ጥራት ግን አይጠየቅም። ከብት አርቢ ሚዛን በሌለበት የበሬውን ክብደት በደረት ዙሪያ መለኪያ እንደሚገምተው ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም ካለው መረጃ የሌለውን ለመገመት ቀመር ያዘጋጃሉ።

አሠራሩ በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ በአንድ ጊዜ የምልክታቸው ክብደትም የኑሮ ጥራታቸውም የተለካ ሕሙማን መረጃ ይሰበሰባል። ቀጥሎ የምልክቱ ነጥብ ሲጨምር የኑሮ ጥራቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ በስታቲስቲክስ ይሰላል፤ ዕድሜ፣ ጾታና ሕመሙ የቆየበት ጊዜም ይታከላል። በመጨረሻም የተገኘው ቀመር የምልክት ነጥብ ብቻ ላላቸው ሌሎች ሕሙማን ሥራ ላይ ይውላል። ሌላው መንገድ ሕሙማንን እንደ ምልክታቸው ዓይነትና ክብደት በጥቂት ምድቦች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ምድብ ዋጋ መስጠት ነው። በዚህ ረገድ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ሥራ የፓንስን ነጥቦች መሠረት አድርጎ ሕሙማንን በስምንት የጤና ሁኔታዎች መድቧል።

የዓለም የበሽታዎች ጫና ጥናትም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። በዚህ ስሌት ሕመሙ በተባባሰበት ወቅት ያለ ስኪዞፍሬኒያ 0.778፣ ከተባባሰው ወቅት በኋላ የሚቀረው ደግሞ 0.588 የጤና ጉድለት ክብደት አለው። የመጀመሪያው በጥናቱ ከተመዘኑት የጤና እክሎች ሁሉ የከበደው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ እንኳ ከአንድ ዓመት ጤና ከግማሽ የሚበልጠው እንደጎደለ ይቆያል።

ግምቱ የሚስተው የት ላይ ነው?

ለቦረና በሬ የተሠራ የደረት መለኪያ ለድቅል ላም ሲውል እንደሚስት ሁሉ፣ የምልክት ቀመርም ይስታል። ምክንያቶቹ በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ሁሉም ምልክት እኩል ኑሮ አያናጋም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት የጎደሉት ምልክቶች፣ ድባቴና የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ከኑሮ ጥራት መውረድ ጋር ጠንካራ ትስስር አላቸው። ስለዚህ አጠቃላይ ነጥባቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ኑሯቸው የተራራቀ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በጉደር ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ሁለት ወጣቶችን ማሰብ ይቻላል። አንደኛው አልፎ አልፎ ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን ውኃ ያዞራል፣ ገበያ ይወጣል። ሁለተኛው ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ከጓዳ ግን አይወጣም። የመንደሩ ሰው ሁለተኛውን “ተሻለው” ይላል፤ የኑሮ ጥራት መጠይቁ ግን የተቃራኒውን ሊናገር ይችላል።

ሁለተኛ፣ አምስቱ የኢኪው-5ዲ ጥያቄዎች አጠቃላይ ናቸው። መራመድ የማይቸግረውና አካላዊ ሕመም የሌለበት ሰው በሚሰማው ድምፅ እየተሸበረ እንኳ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቀመሮች ወደ አማካይ የመሳብ ጠባይ አላቸው፤ እጅግ የከፋ ሁኔታ ላይ ያለውን ሰው ኑሮ ከእውነታው አሻሽለው፣ የደህናውን ደግሞ ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። ይህ ማለት በግምት ብቻ ሲሠራ የሚሸሸገው ይበልጥ የተጎዳው ሰው ነው።

አራተኛ፣ የኑሮ ጥራት በሕመሙ ብቻ አይወሰንም። በገጠር ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ካሉባቸው ቤተሰቦች 32.5 በመቶው ለከፋ የምግብ ዋስትና ችግር መጋለጣቸውን ሲያሳይ፣ በንጽጽር ከታዩት ሌሎች ቤተሰቦች ይህ ቁጥር 15.9 በመቶ ነበር። ሕመሙ ሠራተኛ እጅ ይቀንሳል፤ አስታማሚውንም ከማሳ ያስቀራል፤ የሕክምና መመላለሻው ደግሞ ጥሪት ይጨርሳል። የምልክት ነጥብ ጎተራው ባዶ መሆኑን አይናገርም፤ ሰውየው በሰንሰለት መታሰሩንም ሆነ ከዕድር መገለሉን አይመዘግብም።

በእነዚህ ምክንያቶች የተነሣ ባለሙያዎች ግምት የሚያገለግለው ቀጥተኛ መረጃ በሌለበት ብቻ እንደሆነ ይስማማሉ። የሚቻል ከሆነ ሕመምተኛውን በሚናገረው ቋንቋ፣ በምዕራብ ሸዋ ብዙኃኑ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ራሱን መጠየቅ ይመረጣል።

ዕድሜም አብሮ ይቆጠራል

የኑሮ ጥራት ስሌት ዕድሜን ካልጨመረ ሙሉ አይሆንም። ባለሙያዎች “በጥራት የተመዘነ የሕይወት ዓመት” የሚሉት መለኪያ ሁለቱን ያባዛል። አንድ ሰው በሕክምና ምክንያት የኑሮ ጥራቱ ከ0.6 ወደ 0.8 ከፍ ቢልና በዚያው ለ5 ዓመት ቢቆይ፣ 0.2 በ5 ተባዝቶ አንድ ሙሉ የጤና ዓመት እንዳተረፈ ይቆጠራል። የመድኃኒቱና የክትትሉ ወጪ ለዚህ ትርፍ ሲካፈል የጤና ቢሮ አንዱን አገልግሎት ከሌላው ጋር ማወዳደር ይችላል። የኑሮ ጥራታቸው ያልተመዘገበ ሕሙማን በዚህ ውድድር ውስጥ ድምፅ የላቸውም።

በቡታጅራ የደረሰው የዕድሜ ኪሳራ ከባድ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለውና አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት፣ 121 ያህሉ በክትትሉ ወቅት መሞታቸውን አረጋግጧል። ሞታቸው ከአካባቢው ሕዝብ በእጥፍ ይበልጣል፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ቀድመው ነው። ከሞቱ መንሥኤዎች ግማሽ ያህሉ ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። ሕመምተኛው ሲያስለው “ዕብደቱ ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም ማለት ነው።

በመንደር ደረጃ የሠራው

ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ከጉደር ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ 125 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ ለማይረጋጋ ሕመምተኛና ለአስታማሚው ይህ ቀላል መንገድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆኑ ሁለት የኢትዮጵያ ጥናቶች ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይተዋል። የመጀመሪያው በጉራጌ አካባቢ ከ300 በላይ ሕሙማንን ያሳተፈ ነው። በጤና ጣቢያ ያሉ አጠቃላይ የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው የሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ12 ወር በኋላ በምልክት ክብደት ረገድ ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። ሁለተኛው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ያካተተ ሲሆን፣ መድኃኒት ከጤና ጣቢያ እየቀረበ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ደግሞ በየቤቱ እየሄዱ ሕመምተኛውን ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ረድተዋል። በ6 ወር ልዩነቱ አልጎላም፤ በ12 ወር ግን የቤት ለቤት ድጋፍ ያገኙት የዕለት ተዕለት ኑሮ እክላቸው ከሌሎቹ ቀንሶ ተገኝቷል።

ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ መድኃኒትና ድጋፍ የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው መረዳት ይቻላል። መድኃኒቱ በተለይ የተጨመሩትን ምልክቶች ያበርዳል። ወደ ማሳና ወደ ዕድር መመለስ ግን ሰው፣ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቤተሰብ ምን ያስተውል?

በቤት ውስጥ ፓንስን መሙላት አያስፈልግም። ወደ ጤና ተቋም በሚኬድበት ቀን ግን የሚከተሉትን አስተውሎ መንገር ለባለሙያው ከፍተኛ እገዛ ነው።

• እንቅልፍና ምግብ፦ ሌሊት ይተኛልን? ከቤተሰቡ ጋር ይበላልን?
• ራስን መንከባከብ፦ ሳይነገረው ይታጠባልን? ልብሱን ይቀይራልን?
• ሥራ፦ ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር በሳምንት ስንት ቀን በማሳ፣ በከብት ጥበቃ ወይም በቤት ሥራ ተሳተፈ?
• ሰው፦ ቤተ ዘመድ ሲመጣ ይቀመጣልን ወይስ ይሸሻል? ገበያ፣ ቤተ እምነት፣ ልቅሶ ይሄዳልን?
• ስሜት፦ “ብሞት ይሻለኛል” የሚል ቃል ተናግሯልን?
• መድኃኒት፦ በትክክል ይወስዳልን? የሰውነት መድረቅ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምራቅ መዝረብረብ ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል ታይቶበታልን?

የመጨረሻው ነጥብ ቸል ሊባል አይገባም። የሰውነት መድረቅና መንቀጥቀጥ ሊስተካከሉ የሚችሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው፤ ባለሙያው መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ በቀላሉ ሊጎዳ፣ ከተቀመጠበት ሲነሣም ሊያዞረው ስለሚችል በእርሻ ቀን ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ልብስ ማድረግ፣ ቀስ ብሎም መነሣት ይጠቅመዋል። አረቄና ጫት ሕመሙን የማባባስ ዕድል አላቸው። “ተሻለው” ብሎ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ለማገርሸት ዋነኛ ምክንያት ነው። ጸበል ወይም ጸሎት የሚሻ ቤተሰብ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይችላል።

ሕመምተኛው ራሱን ለማጥፋት ከዛተ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካለ፣ ሌላውን ለመጉዳት ከተነሣ፣ ወይም ትኩሳትና የሰውነት መገተር አብረው ከታዩበት ሳይዘገይ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በሌላው ጊዜ የመጀመሪያው በር የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

በገጠር ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ሕመምተኛን በሰንሰለት ወይም በገመድ ማሰር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቤተሰብ ሕክምና አጥቶ፣ አቅሙም ተሟጦ እንደሆነ ተመልክቷል። የታሰረ ሰው ጩኸቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ከአምስቱ የኑሮ ጥራት ጥያቄዎች ግን መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብንና የዘወትር ሥራን በአንድ ቀን ያጣል። በመሆኑም ጤና ባለሙያው “ምልክቱ እንዴት ነው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ቤተሰቡ ሰውየው ቀኑን የት ውሎ እንደመጣም ጨምሮ ቢነግረው ለሕክምናው የሚጠቅም መልስ ይሆናል።